ከሜትሩ ሥር ሁለት ጣት

ሐኪሙ ወረቀቱን ሲሰጣት ዓይኗን አላያትም። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያስተዋለችው ይህንኑ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከስፌት ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ቀና እስክትል ይጠብቃታል፤ ቀና ስትል ደግሞ እሱው ራሱ አፍሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ማክሰኞ ዕለት ግን ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ፣ ምጥ ስለጠናባት ላም ከሚነግረው ሰው ጋር እያወራ ገባ፤ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ከማሽኗ ጠርዝ ላይ አኖረ፤ እንድታነበው በእጁ ምልክት አሳያትና ወጣ። የመኪናው ድምፅ ከመንገዱ እስኪጠፋ ድረስ እግሯ ከፔዳሉ ላይ አልተንቀሳቀሰም።

"ይሄ ሰው የከብት ሐኪም ነው ወይስ የስፌት መኪና?" አለች የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። ምላሷ ስለሚቆርጥ ሠራተኞቿ በሙሉ መቀስ ነው የሚሏት፤ እሷም ታውቃለች፣ እንዲያውም ትኮራበታለች። "በሳምንት ሦስቴ የሚመላለሰው የትኛዋ ማሽን ታማበት ነው?"

ሌሎቹ ሁለት ሰፊዎች ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ሳትከፍት ከቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከጥቋቁሮቹ የኮት ቁልፎች ሥር ከተተችው። ምን እንደሆነ የምታውቅ መስሏታል። የስንብት ደብዳቤ ነው ብላለች።

እንዲህ ያሰበችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሦስት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሐኪሙ እናት ለልኬት መጥተው ነበር። በሄዱበት ሁሉ ወንበር የሚሳብላቸው፣ ባለ ትልቅ ቤት ሴት ናቸው። ከመስተዋቱ ፊት ቆመው፣ ልብስ ሰፊዋ ከእግራቸው ሥር ተንበርክካ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ስታስተካክል፣ እሳቸው በአናቷ ላይ ከመቀስ ጋር ጨዋታ ያዙ። ቀሚሱ ለምን እንደተፈለገ ነገሯት። ልጃቸው የቆየ ወዳጃቸውን ልጅ ሊያጭ ነው፤ ልጅቷም ሐኪም ናት፣ ያውም የሰው፤ ነገሩ በቤተሰብ መሃል ያለቀ የደቀቀ ነው። እኩያ ከእኩያ ሲጋባ ቤት ይጸናል አሉ። አውቀውም ይሁን ሳያውቁ ወደ ታች አላዩም። በልብስ ሰፊዋ ከንፈሮች መሃል ስድስት ስፒል ነበር። ሰው ስድስት ስፒል በአፉ ይዞ ማልቀስ አይችልም፤ "እኔስ?" ብሎ መጠየቅም አይችልም። አንድ በአንድ እያወጣች ሰካቻቸው። ጠርዙ እንደ ውሃ ልክ ቀጥ አለ።

ስለዚህ ማክሰኞ የመጣውን ወረቀት አልከፈተችም። ያልተነበበ ነገር ገና አልሆነም ብላ ራሷን ደለለች። ስልኳ እንደ ወትሮው ከመቀስ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ በዚያ ቤት በሥራ ሰዓት ስልክ የሚነካ የለም። ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ ስትረከበው ሐኪሙ ዘጠኝ ጊዜ ደውሎ አገኘች። መልሳ አልደወለችም። ልሰናበት ብሎ ይህን ያህል የሚቸኩል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው አለች በሆዷ። ወደ ቤቷ ስትሄድ ከሐዘኗ ንዴቷ ይበልጥ ነበር፤ ይበልጥ ያናደዳት ደግሞ ማንን እንደምትቆጣ አለማወቋ ነው።

ቤታቸው ከዳቦ ቤት ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ናት። አንደኛው ግድግዳ ከዳቦ መጋገሪያው ምድጃ ጋር ስለሚዋሰን ክረምት ከበጋ ይሞቃል፤ ዳኛውም መኝታውን ከዚያ ግድግዳ ሥር ካደረገ ቆይቷል። ዳኛው የአባቷ ውሻ ነበር። አባቷ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሳሉ አብሯቸው በር ይጠብቅ ነበር፤ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ ደግሞ መሃላቸው ተቀምጦ፣ አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላዋ እያየ ጭንቅላቱን ያዘነብላል። ስሙ የወጣለት ከዚያ ነው። አባቷ ሲሞቱ ለልጃቸው ያወረሱት ሁለት ነገር ነው፤ ዝምታቸውንና ዳኛውን።

አሁን ግን ዳኛው የፊት ግራ እግሩን አንጠልጥሎ መሄድ ከጀመረ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ከአንጓው ከፍ ብሎ ያለው አጥንት አብጧል። ያኔ መጀመሪያ ወደ ክሊኒኩ ስታመላልሰው ወጣቱ ሐኪም ያላት ግልጽ ነበር። ከአጥንቱ የተወሰደው ናሙና ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለቴም አልለየም። ካንሰር ከሆነ ሳይውል ሳያድር እግሩ መቆረጥ አለበት፤ ወደ ሳንባው ከዘለቀ በኋላ ቢቆርጡት አይድንም። የአጥንት ኢንፌክሽን ከሆነ ግን በመድኃኒት ይመለሳል፤ የሚድን እግር መቁረጥ ደግሞ ግፍ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን እንጀምርና እብጠቱን እንከታተል፣ ካደገ እቆርጣለሁ፣ ካላደገ እንጠብቃለን አላት። መለካቱን ለእሷ ሰጣት። ከልብስ ሰፊ የተሻለ ሜትር የሚይዝ ከየት ይመጣል ብሎ ቀለደ፤ እሷም ከዚያ ቀን በፊት በሙያዋ የኮራችበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

በየእሑዱ ትለካለች፤ በትንሽ ደብተር ትጽፋለች፤ እሱ ደብተሩን ወስዶ ከቁጥሩ ሥር መልስ ጽፎ ይመልሳል። መጀመሪያ መልሱ ስለ ክኒን ብቻ ነበር። ቆይቶ ስለ ክኒኑና ስለ ዝናቡ ሆነ። ከዚያ ስለ ክኒኑ አንድ መስመር፣ ስለ እሷ አንድ ገጽ። በመጀመሪያው እሑድ አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ነበር፤ በሁለተኛው ሃያ። በሦስተኛው አሥራ ስምንት ተኩል። ያን ሰኞ ሐኪሙ ደብተሩን ገልጦ ሲያይ፣ በክሊኒኩ ኮሪደር፣ ድመት አቅፈው ተራ በሚጠብቁ አሮጊት ፊት እጇን ያዘው። "ቀነሰ" አለ። እሷም እጇን አላስለቀቀችም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከአሥራ ዘጠኝ ብዙም አልራቀም። የሐኪሙና የእሷ ነገር የሚቆጠረው ከዚያች ሰኞ ነው።

በዚያው ረቡዕ፣ እሷ ቤት እንደገባች፣ ጀንበር ሳትጠልቅ የሐኪሙ መኪና ከዳቦ ቤቱ ጥግ ቆመ። ዳኛው ሞተሩን ለይቶ ጅራቱን መሬቱ ላይ መታ። እናቷ ከገመድ ላይ ልብስ እያወረደች ነበር፤ ሐኪሙ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳያደርስ ሲገባ ፊቱን አየችና፣ "ግባ ልጄ፣ ቁጭ ብለህ ተቆጣ፤ ቆሞ መቆጣት ወገብ ያማል" አለችው።

አልተቀመጠም። ለምን እንዳልመጣች ጠየቃት።

"የት?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"የት ትለኛለች" አለ ወደ ዳኛው ዞሮ፣ ፍርድ እንደሚጠይቅ ሰው። ከዚያ ነገሩን ዘረገፈው። የራጅ መሣሪያው የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ከሌላ ሐኪም ቤት በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ነው፤ ተራው የሌላ ሰው ነበር፣ ለምኖ ነው ያስቀየረው። ቁጥሩ ደህና እያለ የውሻው ሕመም ለምን እንደሚብስ አልገባው ብሎ፣ እንደገና ራጅ ሊያነሳው ፈልጎ ነው። ረቡዕ በስምንት ሰዓት ይዘሽው ነይ፣ ምግብ እንዳይቀምስ ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጥቷታል። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት በር በሩን እያየ ቆሟል፤ ባለ ራጁ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ እንኳ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን አልከፈትኩትም አለች በቀስታ።

"ለምን?"

ይኸው፣ የምትናገርበት ጊዜ ይህ ነበር። እናትህ እንዲህ አሉ፣ እኔ ከእግራቸው ሥር ነበርኩ፣ ብትለው በቃ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። እናቷ ልብሱን በክንዷ ይዛ ቆማለች፣ ዳኛው አንዴ ወደ እሱ አንዴ ወደ እሷ ያያል፣ ሐኪሙ ይጠብቃል።

"ሥራ በዝቶብኝ ነው" አለች።

"ሥራ በዝቶብሽ" አለ እሱም፣ ቃሉን እንደማይጥም ክኒን በምላሱ እያገላበጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የዳኛውን ማስታገሻ ከኪሱ አውጥቶ ከመስኮቱ ጠርዝ አስቀመጠ። ባለ ራጁን ነገ ጠዋት ራሱ ሄዶ እንደሚያመጣው፣ ሁለት ሰዓት ላይ እንድትገኝ፣ ውሻው ከሰለቻት ግን ዛሬውኑ ብትነግረው እንደሚሻል ነገራት። መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

እናቷ ልብሱን አጣጥፋ አስቀመጠች። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያለ ነው አባትሽ ያሳደገሽ" አለች በመጨረሻ። "ዝንቡስ አይግባ። ግን አንቺ ልጅ፣ ነገርም ይውጣ እንጂ።"

ልብስ ሰፊዋ ከዳኛው አጠገብ ተቀመጠች። ውሻው ከሰለቻት ያለው ቃል እንደ ተሰበረ መርፌ ውስጧ ቀርቶ፣ በተነፈሰች ቁጥር ይወጋት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መቀስ ፈቃድ የሰጠቻት በብዙ ምልጃ ነው። "ለራስሽ ወገብ እንኳ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቀሽ አታውቂም" አለቻት፤ ግን ስልኳን ከመሳቢያው አውጥታ ራሷ እጇ ላይ አኖረችላት፣ ወረቀቱ ያለበትን ቆርቆሮም በዓይኗ ጠቆመቻት። መቀስ የማታየው ነገር የለም። ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን መንገድ ላይ አነበበችው። ሐኪሙ ስለ ሰዓቱና ስለ ምግቡ ከጻፈው ሥር አንድ መስመር ጨምሮ ነበር፤ ከራጁ በኋላ የምነግርሽ ነገር አለኝ፣ አትሂጂብኝ ይላል። ቆማ ሁለቴ አነበበችው። ትናንት ይህ መስመር ከቁልፍ ሥር ተቀብሮ ውሏል።

ዳኛውን ይዛ ክሊኒኩ ደረሰች፤ ራጁ ሲወጣ ሐኪሙ ከብርሃኑ ፊት ሰቅሎት ብዙ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። እሷ ግን ሐኪም መሆን አላስፈለጋትም። አጥንቱ ብል የበላው ጨርቅ መስሏል፤ መሃሉ ተበሳስቶ፣ ጠርዙ ተተልትሎ። እንዲህ ያለ ጨርቅ ደንበኛ ይዞ ቢመጣ፣ ይህ ክር አይዝም ብላ ትመልሰው ነበር።

"ኢንፌክሽን አይደለም" አለ። "ካንሰር ነው። ከመጀመሪያውም ካንሰር ነበር።" ከዚያ ደብተሩን አንስቶ ገጾቹን ወደፊትና ወደኋላ ገለበጠ። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ አሥራ ስምንት ተኩል፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ዘጠኝ ተኩል። አጥንቱ እንዲህ አልቆ እብጠቱ እንዴት ባለበት ይቆማል? ከእሷ ይልቅ ራሱን እየጠየቀ ነበር። ሜትሩን እንድታወጣና እፊቱ እንድትለካ ጠየቃት፤ ለማነጻጸር መጀመሪያ ደህናውን እግር።

ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በዳኛው ቀኝ እግር ዙሪያ አዞረችው። እጇ ሥራውን ከእሷ በላይ ያውቃል፤ ዓመታት የሠራ እጅ ነው። ሜትሩን ሳታጠብቅ የግራ እጇን ሁለት ጣት ከሥሩ ሰደደች፣ ከዚያ ቁጥሩን አነበበች።

"ጣትሽ እዚያ ምን ይሠራል?" አለ ሐኪሙ።

ለምቾት ነው አለችው። ሰው ሲለካ ሁለት ጣት ከሜትሩ ሥር ካልገባ ልብሱ ይይዛል፤ ክንድ አይታጠፍም፣ ትንፋሽ አይወጣም። ማንም ልብስ ሰፊ እንዲህ ነው የሚለካው። ይህን ስትናገር የማይጠየቅ ነገር የተጠየቀች መስሏት ትንሽ ፈገግ ብላ ነበር።

"የታመመውንም እንዲህ ነው የለካሽው?"

"አዎ።" ከዚያ ፈገግታው ከፊቷ ሄደ። "የመጀመሪያዎቹን ሁለት እሑዶች። በሦስተኛው ጣቴን ሳስገባ ጮኸ። ስላመመው… ከዚያ በኋላ ጣት አላስገባሁም። ሜትሩን ብቻ ነው ያሳረፍኩበት።"

ሁለቱም የየራሳቸውን ሁለት ጣት አዩ። ስሌቱን ጮክ ብሎ ያሰላ ሰው አልነበረም። ከሦስተኛው እሑድ ጀምሮ ከቁጥሩ የጠፋው ሁለት ጣት የሚይዘው ቦታ ነበር፤ እብጠቱ ያንን ቦታ እየሞላ ስላደገ፣ ቁጥሩ ባለበት የቆመ መስሏል። በሦስተኛው እሑድ ምንም አልቀነሰም። አድጎ ነበር። በኮሪደሩ፣ በአሮጊቷ ፊት፣ እጅ ለእጅ የተያያዙባት ሰኞ የዳኛው እግር መቆረጥ የነበረበት ሰኞ ነበረች።

"እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አይነገርም?" አለ ሐኪሙ። ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። "ቁጥሩን ይዤ ስድስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ውሻው እያነከሰ፣ እያለቀሰ፣ እኔ ቁጥር አምኜ።"

ራሱን እየወቀሰ ነበር። እሷ ግን የሰማችው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ማን ጠየቀኝ ማለት ፈለገች። ስለካ አንድ ቀን ቆመህ አይተህ ታውቃለህ ማለት ፈለገች። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው፤ ሰው ያጠፋ ጊዜ ምን አፍ አለው ብላ።

ከሰዓት በኋላ የደረቱ ራጅ ወጣ። በሳንባው ላይ ሦስት ነጫጭ ነጥቦች ነበሩ። ሐኪሙ ነጥቦቹን በእስክሪብቶው ጫፍ አሳያትና፣ እንደዚያም ሆኖ ቅዳሜ እግሩን እንደሚቆርጠው ነገራት፤ ሕመሙ ይቀንስለታል፣ ጥቂት ወራትም ያገኛል። ይህን ሲል ዓይኑ ከራጁ ላይ አልተነሳም። እሺ አለችው። ዳኛውን በብርድ ልብስ አቅፈው መኪናው ውስጥ ሲያስተኙት እጃቸው ተነካካ፤ ሁለቱም ይቅርታ ተባባሉ፣ እንደማይተዋወቁ ሰዎች።

አርብ ደብተሩ በመቀስ በኩል ደረሳት። ሐኪሙ የቀዶ ሕክምናውን ሰዓት ጽፏል፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንዳይበላ፣ ቁስሉ እንዴት እንደሚጠቀለልና በስንት ሳምንት እንደሚድን፣ በሦስት እግር መራመድ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት። ስለ ዝናቡ ምንም የለም። ስለ እሷ ምንም የለም። ከታች አንድ መስመር ብቻ፤ ስህተቱ የእኔ ነው ይላል። ሰው ስህተቱን ጠቅልሎ ሲወስድ ሌላውን ደጅ ዘግቶበት እንደሚሄድ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም የምታውቀው። እስክሪብቶ አነሳች። የቀሚሱን ነገር፣ የስፒሉን ነገር፣ የዳኛውን ሳንባ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንዳቃሰተ ልትጽፍ ነበር። የጻፈችው አንድ ቃል ነው። "እሺ።" ደብተሩን ስትዘጋ በራሷ እጅ የራሷን አፍ የሰፋች መሰላት።

ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ከሞቀው ግድግዳ ሥር ተኝቶ፣ እግሩን ከራሱ ውጭ እንዳለ ነገር አርቆ ዘርግቶ፣ ሲተነፍስ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይላል። እናቷ ከፊቱ ተቀምጣ በመዳፏ ውሃ ትሰጠዋለች፣ እሱ ለጨዋነት ያህል አንዴ ይልስና ይተዋል። "አባትሽም ሲታመም እንዲሁ ነበር" አለች። "ምን ላምጣልህ ሲሉት አታስቸግሩ ነው መልሱ። ይህን ቤት ያጠፋው አታስቸግሩ ነው።"

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመኪናው ድምፅ ከጥጉ ተሰማ። ዳኛው ጆሮውን አቆመ። ልብስ ሰፊዋ ልትይዘው እጇን ስትዘረጋ እሱ ቀድሟት ተነሳ፤ እንግዳ ሲመጣ ተኝቶ መቀበል የማያውቅ ፍጥረት ነው። በአራቱም እግሩ ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄደ። በሁለተኛው የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ ተሰማ፣ ዳኛውም ወደቀ።

ጩኸቱን ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። ሐኪሙ ሮጦ ገብቶ ተንበረከከ፤ ቦርሳውን ከፍቶ የማስታገሻ መርፌ ወጋው፤ ጩኸቱም ወደ ማቃሰት ወረደ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከሥሩ ማንሸራተት ጀመረ። አሁኑኑ እንሂድ፣ ሁሉ ዝግጁ ነው፣ አሁኑኑ እቆርጠዋለሁ ይላል፣ ላቡ ከግንባሩ እየወረደ። እናቷ አንዱን ጫፍ ልትይዝ ጎንበስ አለች።

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመች።

"አይሄድም" አለች።

ሐኪሙ ያልሰማ ይመስል ብርድ ልብሱን ማጠፉን ቀጠለ።

"አይሄድም አልኩህ።" ሰው ባለበት አንተ ብላው አታውቅም፤ እናቷ ቀና ብላ አየቻት።

ሕመሙ ይቆማል አላት። የሚሰቃየው በእግሩ ነው፣ እግሩ ከሄደ ሕመሙ ይሄዳል፣ ሦስት ወር፣ ምናልባትም አራት። በሳንባው ያለው ነጥብ እግሩ ሲቆረጥ አብሮ ይሄድ እንደሆነ ጠየቀችው። ቁስሉ እስኪድን ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ጠየቀችው። በደብተሩ የጻፈው እሱ ራሱ ነው።

"ቁስሉ ሲድን እሱ ሊሞት ነው" አለች። "የምትቆርጠው ለእሱ ነው ወይስ ለእኔና ላንተ?"

የሐኪሙ እጆች ብርድ ልብሱ ላይ ቆሙ። ከግድግዳው ወዲያ የምድጃው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል።

"ያን ስድስት ሳምንት ልመልስልሽ ፈልጌ ነው" አለ።

"አይመለስም።" ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። "እኔ ሁለት ጣት አጎደልኩ። አንተ ቆመህ አላየህም። እሱ ግን ሲነካ እየጮኸ በየቀኑ ነግሮናል፣ ሁለታችንም ቁጥሩን ነው የሰማነው፤ ቁጥሩ ደስ ስላለን። እጄን ስለያዝክ። እኔም ቁጥሩ እንዳይለወጥ እየጸለይኩ ነበር የምለካው፣ ለእሱ ብቻ መስሎህ? ዛሬ ግን እሱን እንስማው። ይበቃዋል።"

በሕይወቷ ይህን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናግራ አታውቅም። እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም፤ አፏ አንዴ ተከፍቷልና የቀረውም ወጣ። ባለፈው ቅዳሜ ከእናቱ እግር ሥር እንደነበረች ነገረችው። ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ሐኪሟ ልጅ፣ ስለ እኩያ። ወረቀቱን ያልከፈተችው ሥራ በዝቶባት እንዳልነበር።

ሐኪሙ መሬቱ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲናገር ድምፁ ከጣቶቹ መሃል ነበር የሚመጣው። ያወሩትን ያውቃል አለ። ምሳ ጠረጴዛ ላይ እሱ ባለበት ነው ያወሩት። እሺ አላለም፤ አይሆንምም አላለም። ዝም ካለ በራሱ የሚያልፍ መስሎት ነበር። ረቡዕ ከራጁ በኋላ ሊነግራት የፈለገውም ይህንኑ ነበር።

እናቷ አንዴ ልጇን አንዴ ሐኪሙን አየች። "ወይ ጉድ" አለች። "ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ ደብተር ሙሉ ተጻጽፋችሁ፣ አንድ ቁም ነገር ሳትነጋገሩ።" ከዚያ የዳኛውን ጆሮ በአውራ ጣቷ እያሻሸች፣ ቀስ ብላ፣ "አትጠብቁት እንግዲህ። ደክሞታል" አለች።

ሐኪሙ ተነሳና እጁን ታጠበ። ሁለት መርፌ እንደሆነ ነገራቸው፤ በመጀመሪያው እንደሚያንቀላፋ፣ ሁለተኛውን እንደማያውቀው። መርፌውን ሲሞላ ልብስ ሰፊዋ ጠርሙሱን ያዘችለት። እሷ የዳኛውን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አባቷ በር ላይ ሆነው ሲጠሩት እንደሚሉት፣ "የኔ ጌታ፣ ሥራ አለቀ" አለችው። ጅራቱ አንድ ጊዜ መሬቱን መታ። ሐኪሙ በአንድ እጁ መርፌውን ሰጠ፣ በሌላው የእሷን ትከሻ ያዘ፤ ማን ማንን እንደደገፈ ለመለየት አይቻልም ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ የዳኛው ጎን መንቀሳቀሱን አቆመ። ንዴቷ አልወጣላትም። ስድስቱ ሳምንት አሁንም እዚያው አሉ፣ የሚመልሳቸው የለም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ንዴቱን ብቻዋን አልያዘችውም።

የዳቦ ቤቱ ሰዎች አካፋ አዋሱ፣ ከጓሮው ጥግም ቦታ ፈቀዱ። ሐኪሙና እናቷ እየተፈራረቁ ቆፈሩ። ጉድጓዱ ጉልበት ሲደርስ የሐኪሙ ስልክ ከሸሚዝ ኪሱ ጮኸ፤ ሁለት ጊዜ ተወው፤ በሦስተኛው አፈር በነካው እጁ አነሳው። እናቱ ነበሩ። ውሻው እንደሞተ፣ ማን ቤት እንዳለ፣ ለምሳም እንደማይደርስ ነገራቸው። ማጨቱም እንደማይሆን፣ ልቡ ያለበት ይህ ቤት እንደሆነ ነገራቸው። እሳቸው ብዙ ተናገሩ፤ እስኪጨርሱ ሰማቸውና፣ ማታ መጥቶ ፊት ለፊት እንደሚያነጋግራቸው ነግሯቸው ስልኩን ዘጋ። ከዚያ አካፋውን ለልብስ ሰፊዋ አቀበላት፣ እሷም ወርዳ የቀረውን ቆፈረች።